ውሻው ማን ጋ ነው የሚቀረው?

አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የውሻ ዝርያ ብቻ የቆሙ ማኅበራት አሉ። የጎልደን ሪትሪቨር አለ። የሀስኪ አለ። የጀርመን ሸፐርድ አለ። የግሬይሀውንድ አለ። አብዛኞቹ ቢሮም ደሞዝተኛም የላቸውም። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው ተሰባስበው ከሥራ መልስ የሚያንቀሳቅሷቸው ናቸው። ሥራቸው ባለቤት ያጣ ውሻ ተቀብሎ፣ አሳክሞ፣ አዲስ ቤት ፈልጎ ማስረከብ ነው።

እኛ ሰፈር ይህ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ «ፈረንጅና ውሻው» ይዞራል። ለእንስሳ ያላቸው ፍቅር ይገርመናል፣ አንዳንዴም ያስቀናል። ፍቅሩማ እኛም ጋ አለ። ዘበኛው ከራቱ ቀንሶ ለሰፈሩ ውሻ ሲሰጥ ያላየ ሰው የለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ጋ አንድ ውሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ በየደረጃው የሚጠየቅለት ሰው አለ።

ጎረቤቴ ለአንድ የጀርመን ሸፐርድ ማኅበር ትሠራለች። በሙያዋ ነርስ ናት። ስልኳ ማታ ማታ አያርፍም። አንዱ ባለቤት ሞቶ ልጆቹ ውሻውን መያዝ አልቻሉም። አንዷ ተፋታ የገባችበት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም። ሌላው የሕክምናው ወጪ ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ከከተማው የእንስሳት መጠለያ፣ ከሼልተሩም ይደወላል። መንገድ ላይ የተገኘ ውሻ ሼልተር ውስጥ የሚቆይበትን ቀን ሕግ ይወስነዋል፤ ቀኑ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቀኑ ካለፈና ቦታ ከሞላ ውሻው በመርፌ ሊገደል ይችላል። በተለይ በደቡብ ስቴቶች ይህ ዛሬም በብዛት ይሆናል። የሼልተሩ ሠራተኛ ያ ቀን ሳይደርስ ነው ለእነሷ የሚደውለው።

ለምን አንድ ዝርያ ብቻ? ብዬ ጠይቄያት ነበር። ጠባዩን ስለምናውቀው ነው አለችኝ። ሀስኪ በብርድ ረጅም መንገድ ተንሸራታች ጋሪ እንዲጎትት የተራባ ውሻ ነው። ቤት ሲዘጉበት አጥር ይዘላል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ያላዝናል። የማያውቅ ሰው «አስቸጋሪ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ቡልዶግ አፍንጫው አጭር ስለሆነ መተንፈስ ይከብደዋል፣ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። ጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃዋል፤ ሥራ ካልሰጡትም ይጨነቃል። ከውድድር የወጣ ግሬይሀውንድ ደረጃ መውጣት ላያውቅ፣ የመስታወት በርም አይቶ ላያውቅ ይችላል። ከዝርያው ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ይህን ሁሉ ሳይነገረው ይረዳል። ልክ ናት። ግን ዝርያው ያልታወቀው ድብልቅ ውሻ ሼልተር ውስጥ ሲቀር ማየት ቅር ይለኛል። እሷ የምትለው አንድ ጀርመን ሸፐርድ ሲወጣ ለሌላ ውሻ ቦታ ይለቀቃል ነው። ይህም እውነት ነው።

ማኅበሩ የተቀበለው ውሻ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ይከተባል፣ እንዳይራባ ይደረጋል፣ ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ይገባለታል። ቺፗ ውሻው የት እንዳለ አትናገርም። የያዘችው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በባለቤቱ ስም ካልተመዘገበ አይጠቅምም። ከደቡብ የሚመጡት ብዙዎቹ የልብ ትል ይዟቸው ይመጣሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሻው መሮጥ የለበትም። የሞተው ትል ተቆራርጦ የሳንባውን የደም ሥር ሊዘጋ ስለሚችል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቤቱ አስቀምጦ፣ በማሰሪያ ብቻ እያወጣ፣ ጸጥ አድርጎ ያቆየዋል። ይህ ሰው ፎስተር ይባላል። ገንዘብ አይከፈለውም። ውሻውም የእሱ ሆኖ አይቀርም፤ ሲድን ለሌላ ሰው ያስረክበዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህን ሥራ ነው።

ፎስተሮች ጋ የተለመደ አነጋገር አለ፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። በሦስቱ ቀን ውሻው ይፈራል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ላይበላም ይችላል። በሦስቱ ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል። ቤቴ ነው ብሎ የሚረጋጋው በሦስት ወሩ ነው። ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ማጓጓዙም ለብቻው ትልቅ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ሹፌሮቹ መንገዱን ይከፋፈላሉ። አንዱ አንድ ሰዓት ያህል ይነዳና ነዳጅ ማደያ አካባቢ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የውሻው ስም፣ የክትባት ወረቀቱ፣ የሚፈራው ነገር ሁሉ አብሮት ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ፓይለትስ ኤን ፖውስ የሚባለው ድርጅት ደግሞ የትንሽ አውሮፕላን ባለቤቶችን ከእነዚህ ማኅበራት ጋር ያገናኛል፤ አብራሪዎቹ በራሳቸው ወጪ ውሾቹን ያደርሳሉ። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕዝብ ድምፅ የግሬይሀውንድ ውድድርን ስትከለክል እስከ 2020 መጨረሻ ጊዜ ሰጥታ ነበር። የአገሪቱ አብዛኛው የውድድር ሜዳ ያለው እዚያ ነበር። ከሜዳው የሚወጡትን ውሾች የሚቀበሉት ማኅበራት ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ሕጉ ሲመጣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ከዚያ ውሻውን መውሰድ የሚፈልግ ሰው የሚሞላው ፎርም ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ይናደዳል። ቀን ቀን ቤት ማን ይኖራል? አጥሩ ምን ያህል ይረዝማል? አከራይህ ፈቅዷል? የት ነው የሚተኛው? በፊት የነበረህ ውሻ ምን ሆነ? ሐኪምህ ጋ ይደወላል። ሰው መጥቶ ቤትህን ያያል። አንድ ወዳጄ «ልጅ የማሳድግ ነው ያስመሰሉት» ብሎ ትቶታል። እኔም አንዳንዱ ማኅበር ያበዛዋል እላለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራውን፣ አጥር የሌለውን ሰው በጅምላ ሲከለክሉት፣ ሄዶ እናቲቱን በረት ውስጥ እያስወለደ ከሚሸጥ ነጋዴ ቡችላ ይገዛል። ጥያቄዎቹ ግን ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው።

ውሻውን የሚወስደው ሰው ከማኅበሩ ጋር በሚፈርመው ውል ላይ ያለችው አንዲት አንቀጽ ናት ልቤን የያዘችው። ውሻውን ማኖር ካልቻልክ፣ ነገም ይሁን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የምትመልሰው ለእኛ ነው፤ ለሌላ ሰው መስጠትም መሸጥም አትችልም ትላለች። ማኅበሩ ውሻውን ከሰጠ በኋላም አይለቀውም ማለት ነው።

ይህን ሳስብ እድር ይታየኛል። መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የተጻፈ ደንብ፣ ለማይቀርለት ቀን አስቀድሞ መዋጮ። በፈቃድ ተደራጅቶ ኃላፊነት መሸከም እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ለውሻ ግን አልሞከርነውም።

አዲስ አበባ ላይ «የፈረንጅ ውሻ» ፈላጊው በዝቷል። ጀርመን ሸፐርዱም ሮትዋይለሩም ሀስኪውም በቴሌግራም ይሸጣል። ሻጩ ዋጋ ይነግርሃል እንጂ ቦታ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቅህም። ብዙው ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ሲያረጅ ወይም ሲታመም በሩ ይከፈትለትና ይወጣል። ግቢ ውስጥ ያደገ ውሻ ደግሞ እንደ ሐበሻው ውሻ ጎዳና ላይ መኖር አይችልበትም። ከዚያ የጎዳና ውሻ በዛ ይባልና መርዝ ይበተናል። መርዙ ቁጥሩን ለዘለቄታው አይቀንሰውም። የተረፉት ይራባሉ፣ አዳዲስ ይጣላሉ። የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ይዞ ማን ያስከትባል? ጣጣው ከሰው አልፎ ዱር ይገባል። በመቶዎች ብቻ የሚቆጠረው የባሌው ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሾች በተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ቤተሰቡ በዲቪ ወይም በስፖንሰር ሲወጣ ቤቱ ይከራያል፣ መኪናው ይሸጣል፣ ውሻው ይቀራል። የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎ ያማከረኝ ስለዚሁ ነው። ያረጀ ጀርመን ሸፐርድ አላቸው። የጎረቤቴን ማኅበር ፎርም ጥያቄዎች በስልክ ነገርኩት፤ ለእሱ ግቢና ለእሱ ሰፈር እንዲሆን አድርጎ ጻፋቸው። መጀመሪያ የመጣው ሰው ለመጋዘን ጠባቂ የሚፈልግ ነበር። ክትባቱን ማን ይከፍላል ሲባል «ለውሻ ይሄ ሁሉ?» ብሎ ሄደ። ቀጥለው የመጡት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ግቢያቸውን አየላቸው፤ ውሻውም ከእሳቸው ጋር ቀስ እያለ እንዲላመድ ደጋግሞ ወሰደው። የክትባት ደብተሩን ሲሰጣቸው፣ አገር ቤት የሚቀረውን የታናሽ ወንድሙን ስልክ ጀርባው ላይ ጽፎበታል። ካልተስማማቸው የሚመልሱት ለእሱ ነው፤ ለሦስተኛ ሰው አይሰጡም። ይህን ተፈራርመዋል። ፍለጋው ብቻ ሳምንታት ፈጅቶበታል፤ ለመውጣት የምትሰናዱና ውሻ ያላችሁ፣ ከቪዛ ቀጠሮው በፊት ጀምሩት።