እርማት፦ ስፔድ ኸርትን አይበልጥም

በፖከር «እጃችሁ (የካርታ ጥምረታችሁ) እኩል ከሆነ ስፔድ ያለው ይወስዳል» ላልከው ወንድሜ፣ እንደሱ አይደለም። ይሄ ብዙ ጀማሪ ከሌላ የካርታ ጨዋታ ይዞት የሚመጣው ልማድ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ጨዋታ አራቱ የካርታ ዓይነቶች፣ ስፔድ፣ ኸርት፣ ዳይመንድና ክለብ፣ እኩል ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በጋራ የሚጠቀምባቸው፣ ዓይነታቸው የተደባለቀ ኪንግ፣ 9፣ 7፣ 4 እና 2 ወጡ እንበል። አንተም ተጋጣሚህም በእጃችሁ ኪንግና ጃክ ይዛችኋል። ያንተ ኪንግ የስፔድ መሆኑ ምንም አይፈይድልህም። የሁለታችሁም ምርጥ አምስት ካርታ ሁለት ኪንግ፣ ጃክ፣ 9 እና 7 ነው። ስለዚህ የተቆለለው ገንዘብ እኩል ይከፈላል፤ ቢያናድድም።

ዓይነቱ የሚቆጠርበት ቦታ አለ፣ አልክድም። ሰባት ካርታ ስተድ በሚባለው ሌላ የፖከር ጨዋታ ሁለት ሰዎች እኩል ዝቅተኛ ካርታ ከታየባቸው፣ ክለብ የወጣበት መጀመሪያ ገንዘብ እንዲያስገባ ይገደዳል። ያ ግን ጨዋታውን ማን እንደሚጀምር ለመለየት ብቻ ነው።