ጥርሱ ያልታየ ቤት

በግ ስንገዛ ምን እንደምንሆን ታውቃላችሁ። አፉን ፈልቅቀን ጥርሱን እናያለን። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን እናደርጋለን። ሻጩም "ጥርሱን ለምን አየህ? አላመንከኝም ማለት ነው?" ብሎ አያውቅም። የእኛ የድሬዳዋ ሰው ጫት ሲገዛ ደግሞ እስሩን ፈትቶ፣ ቅጠል በቅጠል አገላብጦ፣ አንዷን ቀንጥቦ ቀምሶ ነው። እስከ ማታ ለማይቆይ ነገር ነው ይህ ሁሉ።

ቤት ሲሆን ግን በር ላይ ቆመን "ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው" እንላለን። ቡና ይፈላልናል። ሦስተኛውን ሲኒ ከጠጣን በኋላ የሰውን ግድግዳ ማንኳኳት ነውር ነው። ነውረኛ ሆኜ ነው የመጣሁት፣ እኔ።

ደላላው ቤቱን መጀመሪያ ያሳየኝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደቻቱ ወንዝ አካባቢ ነው። "አየሩን እየው አቦ! ማራገቢያ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። በጠዋት ሁለት ሰዓት ድሬ ውስጥ አየር የሌለው ቤት የለም። "ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ልየው" ስለው ያመመኝ መሰለው። በዚያ ሰዓት እሱ በርጫ ላይ ነው፤ ከተማውም አብሮት ነው።

ብቻዬን ሄድኩ። ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ጧ፣ ጧ ይላል። በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ በእጄ ጀርባ ነካሁት። ምጣድ ነው፣ እንጀራ ብቻ ነው የጎደለው። ከዚራ ያሉት የድሮ የባቡር ሰዎች ቤቶች ትዝ አሉኝ። ጣሪያቸውን ከፍ፣ ግድግዳቸውን ወፈር፣ በረንዳቸውን ሰፋ ያደረጉት ወደው አልነበረም። የእኔ ገንዘብ ግን ከከዚራ ጋር ሰላምታም የለው።

ባለቤቴ ሌላ መለኪያ አላት። ካርታው 175 ካሬ ይላል። እሷ ግቢው መሃል ቆመች፣ በእርምጃ ወዲህ ወዲያ አለችና "አራት አልጋ ከነአጎበሩ" ብላ ደመደመች። በድሬ የሚያዝያ ሌሊት ቤት ውስጥ ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ለሦስተኛው ጉብኝት የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። የግንባታ ፎርማን ነው። መሣሪያው አንድ ካቻቢቴና አንድ ባትሪ ብቻ። ጋሼ (ባለቤቱን እንዲህ እያልኩ ነው የምጠራቸው) ካቻቢቴውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ሰባት ልጅ ያሳደግኩበት ቤት ነው" አሉ። ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? እኔ መሬት መሬት አየሁ። ፎርማኑ "እግዜር ይባርክልዎት" አለና የበሩን መቃን በካቻቢቴ ወጋው።

እስከ እጀታው ገባ። ድፎ ዳቦ የወጋ ነው የሚመስለው። ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ጋሼ "እሱማ ድሮም እንዲሁ ነው" አሉ።

ከዚያ ፎርማኑ ሁሉም ቧንቧ ይዘጋ አለ። ተዘጋ። የውሃ ቆጣሪው ላይ አጎነበሰ። ትንሿ ጥርስ ቀስ እያለች ትዞራለች። ማንም ውሃ አልከፈተም፣ የሚጠጣው መሬቱ ነው። ቀጥሎ ማድ ቤት ገብቶ የማንቆርቆሪያ ክዳን አነሳ። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። የማንቆርቆሪያው ሆድ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። "ይሄ እዚህ ከጋገረ ቧንቧው ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስበው" አለኝ።

ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሰውዬውን አታስቀይማቸው፤ አንድ ዲያስፖራ እየጠበቀ ነው።" ይህን ዲያስፖራ በአካል አግኝቼው አላውቅም። ያየሁት ቤት ሁሉ ላይ ግን ቀድሞኝ ይጠብቃል። "ቀብድ ጣል አድርግና ከዚያ በሰላም ታያለህ" አለኝ ደግሞ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ላይ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈገፍግ ቀብዱ ይቀራል፤ የተቀበለው ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ስነግረው "አንተ ደግሞ ጠበቃ ነህ እንዴ?" አለኝ። አይደለሁም፤ አጎቴ ቀብዱ ቀርቶበት ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ካላንደር ተሰቅሏል። የ2009 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው አሮጌ ካላንደር ለሥዕሉ ብሎ ያቆያል፤ የዚህኛው ግን ሥዕል የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ፎርማኑ ጠርዙን ይዞ ገለጥ አደረገው። አንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ!

ማንም ለአፍታ አልተናገረም። ጋሼ አሳላቸው።

"ፀጉር የምታክለውን አትፍራት፣ ልስኑ ሲደርቅ የመጣች ናት" አለኝ ፎርማኑ። "ከመስኮት ጥግ ተነስታ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የምትወርደው ግን ከመሠረት ናት።" ጂፕሰም በጥብጦ ስንጥቁ ላይ አንድ መዳፍ ለጠፈና በእርሳስ ቀኑን ጻፈበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቆሟል ማለት ነው። ሦስት ሳምንት እንጠብቅ አለ።

በመሃሉ ስለ ጎርፍ ጠየቅኩ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። በ1998 ክረምት ግን ደጋው ላይ የዘነበው በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ይህን ደላላ አልጠየቅኩም። ጎረቤት በር ላይ የተቀመጡ እናትን ጠየቅኩ። እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው "እስከዚያ ቢጫ በር መጣ፤ እዚህ አልደረሰም" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ጂፕሰሙ በተለጠፈ በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። "ዛሬም አልተሰነጠቀም!" ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኝ ጀመር። ድምፃቸው የታመመ ልጅ ትኩሳቱ እንደወረደለት አባት ነው። አንድ ቀን ሲቀሩ እኔው ራሴ ደወልኩ።

ሦስት ሳምንቱ አለፈ፣ ጂፕሰሙ ደህና ነው። ምስጡና ቧንቧው ከዋጋው 300 ሺህ ብር አወረዱ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራን፣ ውሉን በጽሑፍ አድርገን አስመዘገብን። ደላላው ሁለት ፐርሰንቱን ተቀብሎ በስምንት ሰዓት በርጫው ላይ ደረሰ።

ቁልፉን ልቀበል ስሄድ ጋሼ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመዋል። ካላንደሩን እያወረዱ ነው።

"ጋሼ፣ የ2009 ካላንደር ምን ያደርግልዎታል?"

በጥንቃቄ ጠቀለሉት። "የምገባበትን ቤት ገና በደንብ አላየሁትም" አሉኝ።