አፕል የመለሰልን የራሳችንን ነው

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አፕል ሦስቱን የቢሮ ፕሮግራሞቹን (የጽሑፉን ፔጅስ፣ የሠንጠረዡን ነምበርስ፣ የስላይዱን ኪኖት)፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን አይሙቪንና የሙዚቃ መሥሪያውን ጋራዥባንድን ማክ፣ አይፎን ወይም አይፓድ በእጁ ላለ ሁሉ በነፃ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ምስጋናው አላባራ አለ። «እንዲህ ያለ ልግስና ከየትኛው ኩባንያ ይገኛል» የሚል አስተያየት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲያዞሩት ሰነበቱ። ልግስናው የቱ ላይ እንደሆነ ግን የሚያስረዳ አላየሁም።

እስከ ሰኞ ድረስ የነበረው ሕግ ይህ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከመስከረም 2013 ወዲህ ሥራ የጀመረ አይፎን ወይም አይፓድ፣ ከዚያው ዓመት ጥቅምት ወዲህ የተገዛ ማክ ያለው ሰው በነፃ ያወርዳል። ከዚያ በፊት የገዛ ይከፍላል። ለማክ ሦስቱ የቢሮ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው 19.99 ዶላር፣ አይሙቪ 14.99፣ ጋራዥባንድ 4.99፤ ሲደመር 79.95 ዶላር። አንዱ በነሐሴ፣ ሌላው በኅዳር ያንኑ ማክ በዚያው ዋጋ ገዙ እንበል። የኅዳሩ በነፃ ይጽፍበታል፣ የነሐሴው ገና ወደ ኪሱ እጁን ይከታል። ማሽኑ አንድ፣ ዋጋው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ካሌንደር ብቻ ነው።

እንዲያውም ካሌንደሩ ራሱ ለሁሉም እኩል አልሠራም። በ2013 የአፕል የፕሮግራም መደብር የሆነው አፕ ስቶር ማክ ላይ የቆየ አይወርክ '09 (የሦስቱ የቢሮ ፕሮግራሞች አሮጌ ጥቅል) ካገኘ ባለቤቱን እንደ ከፋይ ቆጥሮ አዲሱን በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ያገኘው የሠላሳ ቀን መሞከሪያ ይሁን የተሰረቀ ቅጂ አይጠይቅም። ሌባውና ሞካሪው በነፃ ገቡ፤ ማክ ገዝቶ ምንም ያልነካው ሰው ደጅ ቀረ። በየካቲት 2015 ደግሞ አፕል ፔጅስን፣ ነምበርስንና ኪኖትን በብሮውዘር በኩል አፕል አይዲ (የአፕል አካውንት) ለከፈተ ሁሉ ነፃ አደረገ፤ የአፕል ዕቃ ኖሮት የማያውቅ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ሳይቀር። ከሁለት ዓመት በላይ የዊንዶው ሰው ዶክመንቱን ያለ ሳንቲም ሲጽፍ፣ የ2012 ማክ ባለቤት ለዚያው ፕሮግራም 19.99 ሲጠየቅ ኖረ። ይህን ያህል ቆይቶ ጥፋትን ማረም ምስጋና የሚገባው ከሆነ፣ የተበደረውን የሚመልስ ሁሉ ሐውልት ይቁምለት።

ከሚሰሙት ተቃውሞዎች በጣም ደካማው «ቀድሞ የከፈለው ተበደለ፣ ገንዘቡ ይመለስለት» የሚለው ነው። ላየን የሚባለው የማክ ሲስተም በ2011 29.99 ዶላር ነበር፤ ተከታዮቹ ማውንቴን ላየን በ2012 19.99፤ ማቨሪክስ በ2013 ዜሮ። ያኔ የላየንን ገንዘብ መልሱልኝ ያለ አልሰማንም። ከፋዩ በፕሮግራሙ ዓመታት ሠርቶበታል። ለጎረቤቱ በነፃ ስለተሰጠ ከእሱ ምን ተወሰደ? ምንም። ይህ ክርክር የሚቆመው በሌላው መከልከል ለሚጽናና ሰው ብቻ ነው።

ትናንሽ የፕሮግራም አልሚዎች ይጎዳሉ የሚለው ከዚህ ይሻላል፤ ግን ፕሮግራሞቹ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ከእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ጋር በነፃ ሲመጡ ኖረዋል። ጉዳቱ ካለ ያኔ ነው የደረሰው። «ቢሮው ሁሉ ወርድ ነው፣ ፔጅስ ለማን ይጠቅማል» ለሚለውም፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ኤክስፖርት ቱ፣ ከዚያ ወርድ ማለት ነው፤ አለቀ። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን አንድ ጣጣ አለ። ማክ ላይ ያለው ከፋ የሚባለው ፎንት ዊንዶውስ ላይ የለም፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር በሌላ ይተካዋል፣ መስመሩ ይሰፋል ወይም ይጠባል፣ አሥር ገጽ የነበረው አሥራ አንድ ይሆናል። ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ከሆነ በፒዲኤፍ ይላክ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሁለተኛው ባለቤት ጉዳይ ነው፤ ምስጋና የሚያዘንቡት አንድም ቦታ አላነሱትም። አዲስ ማክ ፕሮግራሞቹ ተጭነውበት ይመጣል። የመጀመሪያው ገዢ አፕ ስቶር ገብቶ አክሴፕት ሲል በእሱ አፕል አይዲ ላይ ይመዘገባሉ፣ ከዚያ አይነቀሉም። ማሽኑን ሲሸጠው ፕሮግራሞቹ በሕግ አብረው አልተሸጡም። ሁለተኛው ገዢ መጀመሪያ አይታወቀውም፤ አይሙቪ ይከፈታል፣ ይሠራል። ከወራት በኋላ አፕ ስቶር አፕዴት አለ ይለዋል። ሲጫነው ዓይቶት የማያውቀው ሰው ኢሜይል ብቅ ይልና ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ በራሱ አካውንት ሲሞክር ደግሞ አፕዴቱ በዚህ አፕል አይዲ አይገኝም ይባላል። ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ሲስተሙን በኢንተርኔት የጫነማ ባሰበት፤ ሲስተሙ ይመለሳል፣ አይሙቪ አይመለስም። ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ እጅ በለወጠ ቁጥር የሚጎድል ከሆነ ፕሮግራሙ የማሽኑ አካል ነው ወይስ የሰውዬው? አፕል ለዓመታት ሁለቱንም መልስ ሲሰጥ ኖሯል፤ ማስታወቂያው ላይ የማሽኑ፣ አፕ ስቶር ውስጥ የሰውዬው።

የማክሰኞው ውሳኔ በእውነት ያቃለለው ይህን ነው። አሮጌውን ፕሮግራም ከአፕሊኬሽንስ ፎልደር ወደ ትራሽ ጎትቶ ትራሹን ባዶ ማድረግ፣ አፕ ስቶር ውስጥ ከቀድሞው ሰው አካውንት ሳይን አውት ብሎ በራስ አፕል አይዲ መግባት፣ ፕሮግራሙን ፈልጎ ጌት ማለት። አፕ ስቶር አሁንም ተጭኗል ካለ፣ ተሰክቶ የቀረ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ አይቶ ይሆናል፤ ዲስኩን ነቅሎ እንደገና መሞከር ነው። የተሠራው ቪዲዮ አይጠፋም፤ የአይሙቪ ላይብረሪ ሙቪስ ፎልደር ውስጥ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ጋራዥባንድን ለማውረድ ግን የሌሊት ኢንተርኔት ይጠበቅ፤ ድምፆቹ ሲጨመሩ ከጊጋ ባይት በላይ ነው፣ ባለ 16 ጊጋ አይፎን ላይ ደግሞ ቦታው ራሱ ላይበቃ ይችላል።

እኛ አገር ያለው ማክና አይፓድ ስንቱ ነው ከካርቶኑ አዲስ የወጣ? ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ተጠቅሞበት ያመጣው፣ ከሱቅ ዩዝድ ተብሎ የተገዛው ነው ሞልቶ ያለው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በአፕ ስቶር አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንቱ የሚከፈተው በሌላ አገር ነው፤ የአገራችን የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። ያለ ካርድ ለመክፈት መጀመሪያ አንድ ነፃ ፕሮግራም መርጦ ጌት ማለት፣ ከዚያ ክሪኤት ኒው አፕል አይዲ ውስጥ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ከክፍያ ምርጫዎቹ መካከል «ነን» (None፣ ምንም) የሚለው የሚመጣው በዚህ መንገድ ሲኬድ ነበር። በሌላ መንገድ የጀመረ የካርድ ቁጥር ላይ ተገትሮ ይቀር ነበር። እንዲህ ላለ ሰው 4.99 ዶላርና 499 ዶላር አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም መክፈያ መንገድ የለውም። «አምስት ዶላር ምን አላት» የሚሉት ካርዳቸው የሚሠራላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ነው «ለሁሉም» የሚለው ቃል የሚሸሸው። ያኔ አፕ ስቶር ላይ የነበሩት ፔጅስ፣ ነምበርስና ኪኖት ማክ ላይ ሲየራ የሚባለውን ሲስተም፣ አይፎንና አይፓድ ላይ አይኦኤስ 10 የሚባለውን ይፈልጉ ነበር። አይፓድ 2፣ ሦስተኛው አይፓድ፣ የመጀመሪያው አይፓድ ሚኒና አይፎን 4ኤስ አይኦኤስ 9 ላይ ቆመዋል፤ ከዚያ አያልፉም። በ2008 መጨረሻ የወጣው የአሉሚኒየም ማክቡክም ከሲየራ በፊት በነበረው ኤል ካፒታን ላይ ቀርቷል። እነዚህ ጥንታዊ ዕቃዎች ናቸው የሚል ካለ፣ ያንን አይፓድ ሚኒ አፕል ራሱ እስከ ሰኔ 2015 ድረስ በሱቁ ሲሸጠው ነበር። ውሳኔው ሲወጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በ2013 በዕቃው ዕድሜ የተሰመረው መስመር ተፋቀ ተብሎ ሲጨበጨብ፣ በሲስተም ቁጥር ሌላ ተሰምሯል፤ ውጭ የሚቀረውም ያው ሰው ነው፣ አሮጌ ዕቃ የያዘው።

መውጫ ቀዳዳው የሚያሳፍር ነበር። አይኦኤስ 9 ላይ በቀረ አይፓድ ጌት ሲባል አይኦኤስ 10 ያስፈልጋል ብሎ ይመልስ ነበር፤ ለአካውንቱ ቀድሞ የተመዘገበ ፕሮግራም ከሆነ ግን ለዕቃው የሚስማማውን የመጨረሻ ቅጂ ላውርድ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ አይቱንስ ከፍቶ በዚያው አፕል አይዲ ፔጅስን ማውረድ፣ ቀጥሎ አይፓዱ ላይ አፕ ስቶር ውስጥ ፐርቼዝድ ከሚለው ዝርዝር የደመናዋን ምልክት መንካት ነበር። አይቱንስ በመስከረም 2017 አፕ ስቶርን እስኪያስወግድ ድረስ ይሠራ ነበር። ይህ ማለት አሮጌው ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ነበር፣ ለመስጠትም የሚያግድ የቴክኒክ ችግር አልነበረም፤ የታገደው አዲስ አካውንት የከፈተው፣ ከአይፓዱ ሌላ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ብቻ ነበር።

አፕል ማክሰኞ ያለውን ከልቡ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ሲስተም የሚስማማውን የመጨረሻ ቅጂ አካውንት ሳይጠይቅ ለአዲስ ገቢም ይክፈት። ማክ ላይ እንዴት እንደሚደረግ ያውቀዋል፤ የአይወርክ 9.3ና የአይሙቪ 9.0.9 አፕዴቶች በድጋፍ ገጹ ላይ ነበሩ፣ ፓስዎርድ ሳይጠይቁ ይወርዱ ነበር።