ተመልካች ይቀጠርልን

ዝናብ ባባራ ቁጥር በባሕር ዳር ኮብልስቶን ላይ የሚያዳልጠው ሰው አይጠፋም። የሰው ጨዋነት የሚታወቀውም ከወደቀ በኋላ ነው። አስተዳደግ ያለው ሰው ጉልበቱን ቶሎ አያይም። መጀመሪያ ግራውን ያያል፣ ቀጥሎ ቀኙን፤ ከዚያ ብድግ ብሎ፣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ያለ ሰው መስሎ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ማነከስ የሚጀምረው ኩርባውን ከታጠፈ በኋላ ነው። ለአጥንት ወጌሻ አለው፤ ሰው እያየ መውደቅ ግን ወጌሻ የለውም። ሕመሙን እስከሚቀጥለው ሰፈር ድረስ ይዞ ማቆየት የቻለ ሕዝብ ቀላል ሕዝብ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋናዬ ለዚያ ለታላቁ አሳዳጊያችን፣ ለ«ሰው ምን ይለኛል» ነው። ደንብ አስከባሪ ምሳ ይወጣል፣ ትራፊክ ፖሊስም ጥላ ይፈልጋል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ፈቃድ ወስዶ አያውቅም። ደመወዝ አይጠይቅም፣ የቢሮ ኪራይ የለበትም። ችሎቱ እዚሁ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ እኛ፣ ምስክሩ እኛ፣ ዳኛው እኛ፣ ተፈርዶብን የምንገባውም እኛው ነን። ይግባኝ የለ፣ ቀጠሮ የለ። በአገራችን እንዲህ ጉዳይ የማያጓትት ፍርድ ቤት ሌላ ካለ አሳዩኝ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን አብልጬ የማደንቅለት ብስክሌትን ከተማረ ሰው እጅ ማስጣሉን ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ዘንባባ ጥላ አላት፤ ተማሪውም መምህሩም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛውም በብስክሌት የሚመላለስባት ከተማ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትር ሲዘረጋ ብስክሌተኛውን አልረሳም፤ መስመር ተለይቶለታል። የእኛ ምሩቅ ግን ዲግሪውን በተቀበለ ማግስት ብስክሌቱን ለታናሽ ወንድሙ ያወርሳል።

«ምነው ተውከው?» ትሉታላችሁ።

«ተምሮ ተምሮ ፔዳል ይመታል ይሉኛላ!»

«እነማን?»

«ሰዎች ናቸዋ!»

«ማን ማን?»

«እንዴ! ሰው ሁሉ ነዋ!»

እናም በመጋቢት ፀሐይ ኮቱን ደርቦ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ባጃጅ ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ መሥዋዕትነት ምስክር የሚሆኑትን አንድ በአንድ ብናይ፦ የባጃጁ ሹፌር የሚያየው የተዘረጋ እጅ አለ ወይ የሚለውን ነው። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ዓይኗ ፍሙ ላይ ነው። ሊስትሮው ደግሞ ሲፈጥረው ከቁርጭምጭሚት በላይ አያይም። ከረባቱን ያየለት ሰው ቢኖር ጠዋት መስተዋት ፊት የቆመው ራሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ጥንካሬው ያስቀናል። አንድ ሰው ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ በላብ መልስ ሲሰጥ ማየት ቀላል ነገር መሰላችሁ?

ጣና ዳር ብቻውን ቡና የሚጠጣውም ምስጋና ይገባዋል። ከፊቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ተዘርግቶለታል። እሱ ግን ቀልቡ ያለው ከኋላው ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም ሳይዞር። ሰው የሌለው ብቸኛ እንዳይባል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አዎ... እሺ... አለሁ፣ እጠብቅሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ና» ይላል። የሚመጣ ሰው የለም። ወሬው ሲሞቅ ያው ስልክ ከጆሮው ላይ ድንገት ሲጮህበት አይቻለሁ፤ ሰውየው አልደነገጠም፣ «ሌላ ሰው እየደወለልኝ ነው» ብሎ ለሌለው ወዳጁ አስረድቶ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ተዋናይ በቴአትር ቤቶቻችንም የለም። እጅግ የወደድኩት ግን ከኋላው የነበረችውን፣ የሚፈራትን ልጅ ነው። እሷም ብቻዋን ነበረች። እሷም ስልክ ላይ ነበረች። «ደርሰሻል? እሺ የኔ ቆንጆ» ስትል የስልኳ መስታወት ጥቁር ነበር። ሁለቱም ሒሳብ ከፍለው በተለያየ በር ወጡ፤ እርስ በርስ ሳይተያዩ።

እዚያው ዳር ላይ ስለሚቀርበው ዓሣ ጥብስ ብዙ አልልም። ጣፋጩ ሥጋ ጭንቅላቱ አካባቢ መሆኑን የሐይቁ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በሰው ፊት ግን ጭንቅላት የሚግጥ የለም፤ የርሃብተኛ ይመስላላ! ለዚህ ነው የምግብ ቤቶቹ ድመቶች ከደንበኞቹ የተሻለ የሚመገቡት። ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ «በሞቴ!»፣ «እኔ አፈር ስሆን!»፣ «ምን በወጣህ!» ተባብሎ ግብግብ ነው። አሸናፊው ከፍሎ በኩራት ይወጣና ማታ ለትራንስፖርት ይበደራል፤ ያውም ከተሸናፊው። አስተናጋጁ ማን ከፈለ ብሎ የሚያስብ መስሏችሁ እንደሆነ፣ እሱ መልስ የሚሆን ዝርዝር ብር እየፈለገ ነው።

ስብሰባ ላይ ይህ በጎ ልማድ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሰብሳቢው ሰነዱን ያነብና «ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ?» ይላል። 40 ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ከአዳራሹ ውስጥ ያልገባው እሱ ብቻ መሆኑን አይጠራጠርም፤ ማስረጃውም የሌሎቹ የ39ኙ አንገት መነቅነቅ ነው። የእሱ አንገት ለእነሱ ማስረጃ እንደሆነ ግን ትዝ አይለውም። ሰብሳቢውም ቢሆን ሰነዱ ስለገባው ያነበበ እንዳይመስላችሁ፤ ከላይ ሲነበብለት እሱም አንገቱን ነቅንቆ ነው የመጣው። በሩ ላይ ሲደርሱ «ለመሆኑ ምን አለ?» የሚለው ሹክሹክታ ይጀመራል። የሚመልስ የለም፤ ሁሉም ጠያቂ ነው።

ሰርግና ተዝካር ላይስ? ከዘመድ፣ ከዕቁብና ከአበዳሪ የተሰበሰበ ገንዘብ በድንኳን ውስጥ በቀናት ያልቃል። ምክንያቱ ጎረቤት ነው። እነ እትዬ ምን ይላሉ? እነ እትዬ ያሉትን ልንገራችሁ፤ ቡናው ላይ ነበርኩና። አቦል ላይ ሙሽራዋ አማረባት ተባለ፣ ወጡ ጨው ገንኖበታል ተባለ። ቶናው ሳይቀዳ የሽንኩርት ዋጋ ተነሳ። በረካ ላይ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የጠፋው የቧንቧ ውሃ ወሬ ነበር። ሐሜት የለም አልልም፤ አለ። ዕድሜው ግን አንድ ሲኒ ነው። የብድሩ ዕድሜ ዓመታት ነው። አንዷ እትዬ በመጨረሻ ሰርጉን እንደገና አነሳችው፤ ግን ስለ ድግሱ ስታማ አልነበረም፤ የራሷ ልጅ ሰርግ ለጥር ስለሆነ፣ «እኔንስ ምን ይሉኝ ይሆን?» ብላ ተጨንቃ ነው።

ይህን ሁሉ ትጋት የሚያጣጥሉ ሰዎች ግን አልጠፉም። አሜሪካ አገር ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎችን የዘፋኙ ባሪ ማኒሎ ፊት የታተመበት ቲሸርት አልብሰው፣ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። የዚያ አገር ወጣት ያንን ለብሶ መታየት ያፍርበታል። «ምን ያህሉ ያስተዋለ ይመስላችኋል?» ሲባሉ ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ አሉ። ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ከዚያው ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ስንሳሳት ያዩን ሰዎች የሚፈርዱብን እኛ የገመትነውን ያህል በጭካኔ እንዳልሆነ አሳየ።

እንዲህ ያለ ግኝት ለሕዝብ ሞራል አደገኛ ነው። ኮትና ሙቀት ችሎ የኖረ ሰው «ማንም አላየህም» ሲባል ምን ይሰማዋል? ዕዳ ገብቶ ድንኳን የተከለውስ? እነዚህ ተመራማሪዎች ግሽ ዓባይ ሰፈርን አያውቁም ብለን ልናልፋቸው እንችል ነበር። እኔ ግን ነገሩን በቅን ልቦና ካየሁት በኋላ ችግሩ ከእኛ ሳይሆን ከአቅርቦት እንደሆነ ገብቶኛል። ፈሪው ሞልቷል፣ የጎደለው ተመልካች ነው። ሁሉም የየራሱን ሸሚዝ እያሰበ የሌላውን የሚያይ ጠፋ።

መፍትሔው የሥራ ዕድል መፍጠር ነው። በየሰፈሩ ሥራ የፈቱ ወጣቶች ተደራጅተው፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በየኮብልስቶኑና በየሐይቁ ዳር በተመልካችነት ይሰማሩ። ዋጋው ተመጣጣኝ ይሁን። ተራ እይታ በትንሽ ክፍያ፣ ዞር ብሎ ደግሞ ማየት ጭማሪ ያለበት፣ ከንፈር መምጠጥና «ኧረ ጉድ!» ማለት ደግሞ በልዩ ትእዛዝ። ለወደቀ ሰው አንድ የሚስቅ፣ ለብስክሌተኛ ምሩቅ ሁለት የሚጠቃቀሱ፣ ለሰርግ «ሽንኩርቱ አልበሰለም» የሚሉ ሦስት ልምድ ያላቸው ሴቶች ይመደቡ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ዓመት ሙሉ ሳይረሱ የሚያወሩ ከሆነ በኮንትራት ይታሰብላቸዋል። የቅጥር መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፤ አመልካቹ ለስምንት ሰዓት ያህል ስለ ራሱ ሳያስብ መዋል መቻል አለበት።

ሐሳቡን ያማከርኳቸው ልጆች ክፍያውንም ሰዓቱንም ወደውታል። ስም ጻፉ ስላቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። «ሰው ሲያይ ይውላል ይሉናል፣ ጋሼ» አሉኝ። በሌላ ስም ተመዝግበው፣ ሰው በማያያቸው ቦታ፣ ማታ ማታ ከሆነ ግን ነገ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ናቸው።