ከመስመሩ በታች ያሉ ሰዎች

ሥራህ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ መልሱ አይቀናኝም። «የቢዝነስ ተንታኝ ነኝ፤ የሕዝብ የጤና ተቋማትን የሥራ አፈጻጸም እለካለሁ» ስል ሰሚው ወይ የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎ ያልፈኛል፣ ወይ «ደግሞ ሆስፒታል ምን ቢዝነስ አለው?» ብሎ ይሞግተኛል። ሙግቱ ተገቢ ነው። ነጋዴ መክሰር ማትረፉን ከካዝናው ያውቃል። የሕዝብ ሆስፒታል ትርፍ ስለማይቆጥር ደህና መሥራቱን የሚያውቅበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ያ ሌላ ነገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የምናሰናዳው ደግሞ እኔና መሰሎቼ ነን። ይህ ጽሑፍ የሙያ ባልደረቦቼን ላያስደስት ይችላል። ከብዙ ዓመት በኋላ የደረስኩበት እምነት፣ ድካማችንን ሁሉ በክፍልፋዩ ላዕል ላይ እያፈሰስን፣ ጉዱ የሚደበቅበትን ታህት ዞር ብለን አናየውም የሚል ነውና።

የተረሳ የትምህርት ቤት ሒሳብ ላስታውስ። ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕል ነው፣ በታች ያለው ታህት። «ከታካሚዎች 91 በመቶው በ60 ደቂቃ ውስጥ ታይተዋል» የሚል ሪፖርት ቢቀርብ፣ ላዕሉ በሰዓቱ የታዩት ናቸው። ታህቱስ? «ሁሉም ታካሚዎች» ይባላል። በእኛ ሥራ «ሁሉም» የሚለውን ቃል ያህል የሚያታልል ቃል አላውቅም።

ከራሴ ልጀምር። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና መጠበቂያ ጊዜ ለሦስት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ሲሻሻል ቆየ። ግራፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቁልቁል የሚወርደውን መስመር አረንጓዴ የቀባሁትም እኔው። ለቦርዱ ሳቀርበው ተጨበጨበልኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ጥሬ መረጃውን ሳየው ደቂቃዎቹ ሁሉ በዜሮ ወይም በአምስት ያልቃሉ፦ 35፣ 40፣ 50። 55 ላይ ሲደርስ ቁጥሩ እንደ ጉብታ ይከመራል፤ 65 ላይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሰው ልጅ እንዲህ ተሰልፎ፣ በአምስት በአምስት ደቂቃ ተመትሮ አይታከምም።

ኮምፒውተሬን ዘግቼ አንድ ማለዳ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስት ዓመት ሰንጠረዥ ያላየሁትን በሦስት ሰዓት አየሁ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ካርድ ሲወጣ ነው። ካርድ ለማውጣት የሚጠበቀው ሰልፍ በየትኛውም መዝገብ የለም። ሐኪሞቹ ዘንድ ሰው ሲበዛ መስኮቱ ለጊዜው ይዘጋል፤ ሰልፉ ወደ ግቢው ይረዝማል። በእኔ ሪፖርት እነዚያ ሰዎች ገና ከቤታቸው አልወጡም። ረፋዱ ላይ ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱ አሉ፤ ካርድ ስለሌላቸው ታህቱ አያውቃቸውም። ካርድ አውጥተው፣ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ሐኪም ሳያያቸው የሄዱትስ? የመጨረሻ ሰዓት ስላልተመዘገበላቸው «ያልተሟላ መረጃ» ተብለው ከስሌቱ ይሰረዛሉ። የሚሰርዛቸውን ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከሁሉ አብልጦ የጠበቀው ሰው ከመጠበቂያ ጊዜ ስሌት ወጥቷል ማለት ነው!

ጡረታ የቀረባት አንዲት ሲስተር ስለ ሰዓት አሞላሉ ስጠይቃት ምንም አልደበቀችኝም። «ልጄ፣ ያሉኝ ሁለት እጆች ናቸው። ወይ የደም ግፊት ይለካባቸዋል፣ ወይ ሰዓት ይጻፍባቸዋል። የቱን ልተው?» ሰዓቱን የምትሞላው ሰው ሲቀልላት፣ ከትዝታዋ ነው። ለምን 55 እንደሚበዛም ነገረችኝ፤ 60 ካለፈ የመዘግየት ምክንያት የሚሞላበት ሌላ ቅጽ አለ፣ ሁለት ገጽ። ያንን ቅጽ ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ይህ ነገር ኮምፒውተር ያመጣብን እንዳይመስለን። በክሪሚያ ጦርነት ነርስነቷ የምትታወቀው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ለሆስፒታል ስታቲስቲክስ የደከመች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመችው ሰንጠረዥ ላይ የ24 የለንደን ሆስፒታሎች የሞት መጠን 90.84 በመቶ ተብሎ ሰፍሯል። ከመቶ ታካሚ ዘጠኝ ብቻ በሕይወት ይወጣል ማለት ነው? የቁጥሩ ምንጭ በዘመኑ አንቱ የተባለው የስታቲስቲክስ ሰው ዊልያም ፋር ነበር፤ ስሌቱም እንዲህ ነው፦ በ1861 ዓመቱን ሙሉ የሞቱት 3,828 ሰዎች፣ በዚያው ዓመት በአንድ ቀን ቆጠራ አልጋ ላይ ለተገኙት 4,214 ሰዎች ተካፈሉ። ላዕሉ የዓመት፣ ታህቱ የአንድ ቀን። በዓመቱ ውስጥ ገብተው ድነው የወጡት ከመስመሩ በታች ቦታ አላገኙም። ሐኪሞች ተቆጡ፤ ታህቱ በዓመቱ የገቡት ሁሉ ይሁን ብለው ሞገቱ። እነዚያን የመሰሉ ሰዎች ሐሳባቸው ቅን ሆኖ እንኳ ታህት ካጨቃጨቃቸው፣ ሐሳቡ ቅን ካልሆነ ሰው ምን ይጠበቃል?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ አየችው። በአሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ ያለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አዲስ ታካሚ የመጀመሪያ ቀጠሮውን የሚያገኘው በአማካይ በ24 ቀን ነው ብሎ ሪፖርት ያደርግ ነበር። መርማሪዎች 226 ታካሚዎችን ናሙና ወስደው ሲያጣሩ አማካዩ 115 ቀን ሆኖ ተገኘ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ወረፋ ጠባቂዎች ደግሞ ኦፊሴላዊው ዝርዝር ላይ ጭራሽ አልነበሩም። የመጠበቂያ ጊዜው ለኃላፊዎች ሽልማትና ደመወዝ ጭማሪ ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ ሥልጣን ለቀቁ። ላዕሉን ማስተካከል ሐኪም፣ ክፍልና ገንዘብ ይጠይቃል። ታህቱን ማስተካከል የሚጠይቀው አንድ መሳቢያ ነው፤ የታካሚውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ውስጥ መክተት።

ያለ መሳቢያም ይሆናል፤ እንዲያውም ይህኛው የበለጠ ያስፈራኛል። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ የልብ ቀዶ ሐኪሞች የሞት መጠን ለሕዝብ ይፋ መውጣት ከጀመረ በኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ውጤት 63 በመቶዎቹ በጠና ለታመሙት ቀዶ ጥገና ለማድረግ ፈቃደኝነታቸው መቀነሱን ተናገሩ። እዚህ ማንም መዝገብ አልሰረዘም፤ ሕግ የጣሰም የለም። እጅግ የታመመው ሰው የቀዶ ጥገና ጠረጴዛው ላይ ስላልወጣ ብቻ ከታህቱ ቀረ። እንዲህ ያለውን ሰው የትኛው ተንታኝ በየትኛው ሰንጠረዥ ያገኘዋል?

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው መለካት ይቅር» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐኪም ወዳጆቼ ይህን ሲሉኝ አልስማማም። እንግሊዝ በድንገተኛ ክፍሎቿ ላይ የአራት ሰዓት ገደብ ጥላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከመቶ 98ቱ ታካሚዎች በአራት ሰዓት ውስጥ ታይተው፣ ተኝተው ወይም ተሸኝተው እንዲያልቁ። ቁጥሩን ለማሳመር ያልተደረገ የለም። አራተኛው ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ታካሚዎች በገፍ ወደ አልጋ ክፍል ይላኩ ነበር፤ አምቡላንሶች ታካሚ እንደጫኑ በር ላይ እንዲቆዩ ይደረጋል የሚል አቤቱታም ተሰምቷል። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህን ገደብ በስብሰባ ላይ እንደ መቀለጃ አነሳው ነበር። በኋላ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች መረጃውን በጥልቀት ሲመረምሩ ገደቡ በነካቸው ታካሚዎች ዘንድ ሞት መቀነሱን አገኙ። ቀልዴን ዋጥኩት። ሰዓት ሲቆጠርበት የሚሮጥ ሆስፒታል አንዳንዴ በእውነት ይሮጣል።

ቁጥር ባይኖር ደግሞ ዝም ብሎ የሚሞት ሰው አለ። በዚያው በእንግሊዝ፣ በሚድ ስታፎርድሻየር የሆስፒታል አስተዳደር ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ ስሌት የታካሚዎች ሞት ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን አሳየ። ደወሉ ተደወለ። የአመራሩ ትኩረት ወዴት ሄደ? ወደ መረጃ አመዘጋገቡ። የበሽታ ኮድ አሰጣጣችን ላይ ችግር ስላለ ነው ተባለ። በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት አመራሩ ለገንዘብና ለግብ ተጠምዶ የታካሚውን ሥቃይ እንዳላየ ዘረዘረ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የራሳችንን ስብሰባዎች አያለሁ። ጥሩ ቁጥር ሲመጣ ስለ አመዘጋገቡ የሚጠይቅ የለም፤ ጭብጨባ ነው። መጥፎ ቁጥር ሲመጣ ሁሉም በአንድ ሌሊት የመረጃ ጥራት ሊቅ ይሆናል፤ ቅጹ በትክክል አልተሞላም፣ ሲስተሙ ተቋርጦ ነበር፣ የዚህ ወር ታካሚዎች የተለዩ ናቸው። እኔም ከዚህ ወገን ነበርኩ። አሁን ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ መጥፎውን ቁጥር የምፈትሽበትን ያህል ጥሩውንም እፈትሻለሁ የሚል ነው። እንደ አነጋገሩ ቀላል አይደለም፤ ጥሩ ዜና ላይ አቧራ የሚነሰንስ ሰው የሚወደው አለቃ አላጋጠመኝም።

ታህትን በሐቅ መያዝ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ቢጠየቅ የማነሳው የሳንባ ነቀርሳን ሕክምና ነው። ሐኪሙ ካረል ስቲብሎ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በታንዛኒያ የሠራበት የምዝገባ ዘዴ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። በአንድ ሩብ ዓመት ሕክምና የጀመሩት በሙሉ እንደ አንድ ቡድን ይመዘገባሉ፤ ወራት አልፈው ውጤት ሲሠራ ታህቱ ያ ቡድን እንዳለ ነው። የዳነ አለ፣ የሞተ አለ፣ መድኃኒቱ ያልሠራለት አለ፣ ከክትትል የጠፋም አለ። የጠፋው ሰው ከላዕሉ ይወጣል እንጂ ከታህቱ አይወጣም። ጠፍቶም ተቋሙን ያስወቅሰዋል። ስለዚህ ነርሷ ልትፈልገው ትሄዳለች። ተራ የመዝገብ ደንብ ነው፤ አንድን ሰው ከወንበሩ አስነስቶ ሌላውን ሰው ፍለጋ የሚያስኬድ የመዝገብ ደንብ ግን ሌላ አይቼ አላውቅም።

ኧርነስት ኮድማን የሚባል የቦስተን ቀዶ ሐኪም ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ከራሱ ትንሽ ሆስፒታል የወጡትን 337 ታካሚዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ተከታትሎ፣ 123 ስህተቶች ቆጥሮ በገዛ እጁ አሳተመ። ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። እኔ የምወድለት ስህተቱን መናዘዙን ብቻ አይደለም፤ 337 ሲል ሁሉንም ማለቱ ነው።

እና ምን ይደረግ? ብዙ የሚባል ነገር የለኝም። አፈጻጸም የሚለካ ተንታኝ መረጃው በሚወለድበት ቦታ፣ በካርድ ክፍሉ፣ በድንገተኛው በር፣ በተረኛዋ ጠረጴዛ አጠገብ አዘውትሮ ይቀመጥ፤ ይህ ከሥራ ዝርዝሩ ይግባ። ነርስ አንድ አዲስ ነገር እንድትመዘግብ ከመታዘዟ በፊት አንድ አሮጌ ነገር ይሰረዝላት። የደመወዝ ጭማሪ በአንድ በመቶኛ ላይ አይንጠልጠል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሪፖርቱ፣ ከበመቶኛው ጎን፣ በዚህ ስሌት ያልተካተቱት እነማን እንደሆኑና ስንት እንደሆኑ የሚነግር አንድ ረድፍ ይኑር።

ይህንኑ ረድፍ በዚያ ሆስፒታል አስገባሁ፦ «ካርድ አውጥተው ሳይታዩ የሄዱ።» ሰልፉን መቁጠሪያ እስካሁን አላገኘሁለትም። የሁለት ገጹንም ቅጽ አስቀረሁት፤ በሚቀጥለው ወር መረጃ ውስጥ 65 እና 80 ደቂቃ ብቅ ብቅ አሉ፣ አረንጓዴው መስመርም ወደ ላይ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ደጋግመው ካገላበጡ በኋላ ያ ረድፍ የግድ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን አለበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። የግድ ነው አልኩ። በተከታዩ ሩብ ዓመት ወደ ሦስተኛው ገጽ ተዛወረ፤ አሁን አባሪው ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ለኅትመት ከመሄዱ በፊት መኖር አለመኖሩን ገልጬ አያለሁ።