ልጓሙስ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ አንዲት የ52 ዓመት አድማጭ ደወለች። አባቷ በአልዛይመር ታመው ስሟን ከረሱ ቆይተዋል። "እኔንም እንዳይዘኝ ምን ልብላ? እንዴት ልኑር?" ነበር ጥያቄዋ። የተጋበዙት ሐኪም ሳቅ ብለው "ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰሙም? ጂኑ ካለብዎት አለብዎት። ቅቤም ቢሆን ያማረዎትን ይብሉ" አሏት። አዘጋጁም አብሮ ሳቀ።

እኔን አላሳቀኝም። ለመሆኑ የትኛው ጂን? ኤፒፒ፣ ፕሪሰኒሊን 1 እና ፕሪሰኒሊን 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ የሚከሰት ለውጥ በሽታውን አይቀሬ ያደርገዋል ማለት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ65 ዓመት በፊት። በእነዚህ ላይ ሐኪሙ እውነት አላቸው፤ የምሰጣቸው እውነትም ይኸው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ከመቶ አንድ አይሞሉምና። ቀሪው ወሬ ሁሉ አፖኢ ከሚባለው ጂን ዓይነቶች አንዱ ስለሆነው ስለ አፖኢ 4 ነው። ሰው ከአባትና ከእናቱ አንድ አንድ የጂን ቅጂ ይወርሳል፤ ከአራት ሰዎች አንዱ ገደማ የዚህን ጂን ቢያንስ አንድ ቅጂ ይዞ ይኖራል። አንድ ቅጂ አደጋውን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያሳድጋል፤ ሁለት ቅጂ ደግሞ ከዚያም አብልጦ። ይዘውት ኖረው አእምሯቸው ሳይደበዝዝ በእርጅና የሚሞቱ ግን ብዙ ናቸው፤ ጂኑ ሳይኖርባቸው የሚታመሙም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ይቅርና "ቅቤም ቢሆን" የምትለዋን እንያት። የአፖኢ ሥራ ምንድን ነው? ስብ ማጓጓዝ! ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ኮሌስትሮልን በደምና በአንጎል ውስጥ ያመላልሳል። አፖኢ 4 በያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ደግሞ ጎጂው ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ ይገኛል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ ብሎ ከቆጠራቸው 14 ነገሮች አንዱ ይኸው በጎልማሳነት ዕድሜ የሚጨምር ጎጂ ኮሌስትሮል ነው። የሚያነክስ አጋሰስ ይዞ ለመጣ ሰው "የፈለግኸውን ጫንበት" የሚል ምክር የት አገር አለ?

ዘር ይስባል ለሚሉኝ ኢባዳንን አስረዱኝ እላለሁ። ተመራማሪዎች በናይጄሪያዋ ኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያንን፣ ሁሉንም 65 ዓመት የሞላቸውን፣ በአንድ ዓይነት መመዘኛ ለዓመታት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ወጣ፦ በኢንዲያናፖሊስ በዓመት ከመቶ ሰው 2.52 በአልዛይመር ሲያዝ፣ በኢባዳን 1.15 ብቻ። ከግማሽ በታች! ጂኑ እዚያ ጠፍቶ ነው እንዳይባል አፖኢ 4 ኢባዳን ውስጥ ሞልቷል። ሞልቶም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከበሽታው ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም፤ ቆይቶም የታየው ሁለት ቅጂ በያዙት ላይ ብቻ ነው። የኢባዳኖቹ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ዝቅ ያለ፣ ሰውነታቸውም ቀጠን ያለ ነበር። "በጂኑ ዙሪያ ያሉ ሌሎች የዘር ልዩነቶች ይሆናሉ" የሚሉ አሉ። ይሁኑ! ያኔም ቢሆን ይህ ጂን ብቻውን አይነግሥም ማለት ነው። እኔ ግን ገበታውና የእግር ጉዞው ነው እላለሁ፤ ተቃራኒውን የሚያሳየኝ እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ሐኪሙ "በ2023 የወጣው የአመጋገብ ጥናት ምንም አላሳየም" ሲሉም ሰማን። 604 ሰዎች ለሦስት ዓመት የተሳተፉበት፣ ማይንድ የተባለው ጥናት ነው። ለማነጻጸሪያ የተያዘው ቡድንም ምግብ እንዲቀንስ ተመክሮ ክብደት መቀነሱን፣ የሁለቱም ውጤት መሻሻሉን ግን አልነገሩንም። ሁለቱም ተሻሻሉ ማለት ምግብ ከንቱ ነው ማለት ከሆነ ሒሳብ የተማርነው ለየብቻ ነው። አመጋገብን ከእንቅስቃሴ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከደም ግፊት ክትትል ጋር አጣምሮ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የያዘው የፊንላንዱ ጥናትስ? የአፖኢ 4 ተሸካሚዎችም ተጠቅመውበታል። "የለካው የማሰብ ችሎታን እንጂ በሽታውን አይደለም" ይሉኛል። ታዲያ ሰው በ70 ዓመቱ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ያቺ ሴት ጂኑ ይኑርባት አይኑርባት ተመርምራ እንደሆነ እንኳ አልተጠየቀችም። አባቷ አንድ ቅጂ ቢኖራቸው ከእርሳቸው ወደ እርሷ የመተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል ነው። ከእነዚያ 14 አጋላጭ ነገሮች መካከል የሆኑትን እንኳ፣ የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ፣ ታጨስ እንደሆነ፣ ጆሮዋ በደንብ ይሰማ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ስልኩ ሊዘጋ ሲል "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ስትል ተሰማች፤ ቀጥሎ ማስታወቂያ ገባ።