ጣሪያ የሌለው መታጠቢያ ቤት

ባለፈው ሐምሌ ገብርኤል አንድ የቆየ ወዳጄ ዝክር ጠርቶኝ አዲሱ ቤቱ ሄድሁ። በሩ ላይ «ቤት ለእምቦሳ!» ብዬ «እምቦሳ እሰሩ» እስክባል ስጠብቅ፣ ክንዴን አፈፍ አድርጎ «መጀመሪያ ቤቱን ላሳይህ» አለኝ። በባዶ ሆዱ የመጣ እንግዳ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ በየክፍሉ እየተነዳ ቁም ሣጥን እንዲያደንቅ የሚያስገድደውን ልማድ ማን እንደ ጀመረው አላውቅም። የዚህ ቤት መከራ ደግሞ እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ አንድ ቤት አይደለም።

ወዳጄ የኢንዶኔዥያ ደሴት ወደ ሆነችው ባሊ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ንፋሱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሜዳ ላይ፣ ሳሎኑን ለብቻው፣ መኝታውን ለብቻው፣ ማድ ቤቱን ለብቻው አድርጎ በአትክልት መካከል በትኗቸዋል። እሱ «ፓቪሊዮን» ይላቸዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ግድግዳ ስለሌላቸው እኔ ዳስ እላቸዋለሁ።

ባሊን ግን መውቀስ አይገባም። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ባለችው በዚያች ሞቃትና እርጥበታም ደሴት ግድግዳ የሌለው ቤት የብልህ ቤት ነው፤ ንፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ቁልቁል የተዘረጋው የሣር ክዳን ዝናቡን ያንሸራትታል፣ ሙቁ አየርም ወደ ላይ ይሸሻል። ነባሩ የባሊ ግቢ በአጥር የተከበበ ሆኖ እያንዳንዱ «ባሌ» የሚሉት ዳስ የራሱ ሥራ አለው፤ የቤተሰቡ ቤተ መቅደስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ አጉንግ ተራራ ባዘነበለው ማዕዘን ይቆማል፤ የግቢው ልክ ሳይቀር የሚወሰደው ከባለቤቱ ክንድና እግር ነው። የወዳጄ ቤት ልክ የተወሰደው ከስልኩ ፎቶ ነው።

ከበሩ እልፍ እንዳልሁ ግንባሬን ልገጨው የነበረው አጭር ግንብም ከዚያው ከባሊ የመጣ ነው። «አሊንግ አሊንግ» ይባላል። ክፉ መንፈስ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ መሄድ አይችልም ስለሚባል ከበሩ ፊት ለፊት ተሠርቶ ያግደዋል። የእኛ አገር ሰይጣን መታጠፍ እንደማይቸግረው ለወዳጄ ነገርሁት፤ አልሳቀም። ባሊዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ሳኑር በተባለው የባሕር ዳርቻቸው ላይ ባለ 10 ፎቅ ሆቴል ተከፍቶ ካዩ በኋላ ሕንፃ ከኮኮናት ዛፍ አይብለጥ ብለው ከፍታውን በ15 ሜትር ወስነዋል። ዛፉን መለኪያ ያደረጉት ዛፉ ስላላቸው ነው። የወዳጄ ግቢ ሁለት የኮኮናት ችግኞች በፌስታል ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የምወደው በአክስቴ ምክንያት ነው። በጎረቤት ሐብል ደምቃ ሠርግ ሄደች፤ ሐብሉ እንዳይጠፋባት አንገቷን በእጇ እንደያዘች ቀኑ መሽቶ ጮማው ሁሉ በፊቷ እያለፈ ጦሟን ተመለሰች። ወዳጄም ያን ሁሉ ዳስ ሠርቶ ቀኑን የሚያሳልፈው ማሞቂያ በተገጠመላት የጥበቃው ክፍል ውስጥ ነው። ባሊዎች በኮከብ ብርሃን የሚታጠቡበትን ጣሪያ የሌለው መታጠቢያ ቤት ደግሞ በሐምሌ በረዶ መካከል ቆሞ «ተፈጥሮን ታቅፎ መታጠብ» ብሎ ሲያስረዳኝ፣ የራሱ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያበሳጨኝ ብርዱ አይደለም። ልጆች ሳለን እነሱ ቤት ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነበር፤ የእኛ ከጓሮ፣ ለብቻው። ይኸው ሰው በክፍል ልጆች ፊት «እነሱ ቤት ወጥ የሚቀመሰው በጃንጥላ ነው» ብሎኝ ዓመቱን ሙሉ «ጃንጥላ» ተብዬ ተጠራሁ። ማድ ቤት ከጓሮ የሆነው ጢሱና እሳቱ ከመኝታ እንዲርቅ መሆኑን ማን ይንገረው! በትልልቆቹ ግቢዎችም እልፍኙ፣ አዳራሹና ማድ ቤቱ ለየብቻ ነበሩ፤ ያኔ ግን «ፓቪሊዮን» አልተባሉም። የእናቴ ማድ ቤት ድህነት ነበረ፤ የእሱ ግን በአርክቴክት ተነድፎ ሚሊዮን ብር ሲፈስበት «ከተፈጥሮ ጋር መኖር» ሆነ። አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ከሳሎኑ ዳስ ሥር ጋቢ ደርበን ተቀመጥን። ከማድ ቤቱ ዳስ አንዲት ልጅ ዶሮ ወጡን ይዛ ወጣች፤ ሌላዋ ጃንጥላ ዘርግታላት በጭቃው መካከል ቀስ እያሉ መጡ። ወዳጄን አየሁት። እሱ አትክልቱን ያይ ነበር። ወጡ ሲደርስ ላዩ ላይ ቅቤው ረግቷል፤ ቢሆንም እንጀራ ቆርሼ ልጠቀልል ስል በሩ ተንኳኳና ሌሎች እንግዶች «ቤት ለእምቦሳ!» እያሉ ገቡ። ወዳጄ ብድግ አለ። «አንተም ና፣ የዓሣውን ኩሬ አላየህም» ብሎ ክንዴን ያዘ።